የኋላ ወንበር

ዓለም ከተማ አስፋልት ሳይደርሳት፣ አንድ ሽበታም አባት ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ ቶዮታ ይዘው ጋራዤ መጡ። መኪና ዝቅ ማስደረግ የጎረምሳ ፋሽን ነውና ሳቄን ዋጥ አደረግኩ።

«ከፍ ላድርጋት አባባ? መንገዱ ድንጋይ ነው።»

«ቁመቷን አትንካ። እንዳታንገጫግጭ ብቻ አድርግልኝ።»

ሞላና ሾክ አብዞርበር እያቀያየርኩ በገጠምኩ ቁጥር ጫማቸውን አውልቀው የኋላ ወንበር ላይ በግራ ጎናቸው ይተኙና «ንዳት» ይሉኛል። ጠንካራው ሞላ ሲያነጥራቸው ወገባቸውን ይዘው «አይሆንም» አሉ። ለስላሳ ሞላ ከጠንከር ያለ ሾክ ጋር ገጥሜ ስነዳት ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ይሄ ይሁን።»

«ቁጭ ብለው ቢሞክሯት አይሻልም ነበር?» አልኳቸው።

«ባለቤቴ ሐኪም ቤት የምትመላለሰው ተኝታ ነው። ከፍ ያለ መኪና ላይ እግሯ አይወጣላትም» አሉ ጫማቸውን እያሰሩ። «ሲያማት ደግሞ አትነግረኝም።»