ቀሐ ላይ ሳይታጠብ የቀረው ጋቢ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ «ዋሽቻለሁ» ብዬ ደፍኜ ነው ያለፍኩት። እሳቸውም ዋሽቶ የሚመጣባቸው ሰው ብዙ ነው፤ ጥቂት ስግደት አዘው ሸኙኝ። ምን ብዬ እንደዋሸሁ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ሰገድኩ፣ ጉልበቴ ተላጠ፣ ልቤ ግን ምንም አልቀለለም። አሁን ለአንተ፣ ለምታነበው፣ እነግርሃለሁ። እንድታዝንልኝ አይደለም። ሰው ገድያለሁ። እጄን ሳላነሳ፣ ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ በአፌ ገድያለሁ።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ጣሊያን ጎንደር ላይ ሠርቶት በሄደው ሲኒማ ቤት ጠራጊ ነበርኩ። ሰው ሲወጣ የቆሎ ፍርፋሪና የሲጋራ ቁራጭ እጠርጋለሁ፤ ፊልሙ ሲታይ ደግሞ ከኋላ ቆሜ፣ መጥረጊያዬን ተደግፌ አያለሁ። በዚያ ዘመን ጨዋ ሴት ሲኒማ ቤት አትገባም። ወንዱም ገብቶ ያየውን ለሚስቱ አያወራም። ስለዚህ ልብስ ላጥብ ቀሐ ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ ይከቡኛል። «እስቲ ደግሞ ምን አየሽ?» ይሉኛል። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ድንጋይ ላይ ጉብ እልና አወራለሁ።

አንድ ጊዜ የህንድ ፊልም መጣ። የበቀል ፊልም ነው። የሲኒማ ቤቱ ጌታ ሌላ ስላልነበረው ያንኑ ደጋግሞ ያሳያል። የህንዱን ቋንቋ ከየት አውቄው! ምስሉን አያለሁ፣ ንግግሩን ከራሴ አዋጣለሁ። አንድ ባለጸጋ ሰው ይገድላል፤ የሟች ልጅ አድጎ፣ ጩቤ ታጥቆ ገዳዩን ይፈልጋል፤ እናት ታለቅሳለች። ታሪኩ ይኸው ነው። እኔ ግን ጎተትኩት፣ ከመስከረም አንስቼ ጥምቀት አፋፍ ድረስ አደረስኩት። ልጁ ጩቤውን ሲመዝ አቆምና «በሉ፣ ቀሪው ለሚመጣው ሳምንት» እላለሁ። ሴቶቹ ይንጫጫሉ፣ ይሰድቡኛል፣ ይለምኑኛል። አፌ ሥራ እንዳይፈታ ብለው ልብሴን ከእጄ ነጥቀው፣ በእንዶድ አሽተው፣ አጥበው አስጥተው ይሰጡኝ ነበር። እኔ በዚያ ወራት አንዲት ነጠላ እንኳ አላጠብኩም።

ዛሬ ሳስበው ያ ፊልም ያናድደኛል። ክፉው ሰውዬ ሲገባ ይስቃል፣ ሲበላ ይስቃል፣ ሲገድል ይስቃል። ክፉ ሰው እንደዚያ ጥርሱን እያሳየ ቢመጣማ ማን ይታለል ነበር? አንድ መንጋ ጎረምሳ ልጁን ከብቦ ተራ እየጠበቀ ይመታል። ሬሳ ሳይነሳ ዘፈን ይጀመራል። እናቲቱ ልጅ እስኪያድግ ድረስ አልቅሳ ኩሏ አይፈስም። ይሄ ሁሉ ይሁን፣ ቀልድ ነው። ቀልድ ያልሆነው ጠላትየው ማንም የሌለው መሆኑ ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ሲሞት ደረቷን የምትደቃ እህት የለችው። እንደዚያ ያለውን ሰው መግደል ምን ይከብዳል? እኔስ ለሴቶቹ ሳወራ ሚስት ልሰጠው አልችልም ነበር? ቃሉ ሁሉ የእኔ አልነበረም? አልሰጠሁትም። ሲጠሉት ደስ ይለኝ ነበር።

ያም ሆኖ ፊልሙ ከእኔ ይሻል ነበር። መጨረሻው ላይ ልጁ ገዳዩን ወንዝ ዳር ያገኘዋል። ሰውዬው አርጅቷል፣ ሳቁም ጠፍቷል። ልጁ ጩቤውን ያነሳል፣ ሽማግሌውን ትክ ብሎ ያየዋል፣ ከዚያ ጩቤውን ወንዙ ውስጥ ይጥለዋል። ሽማግሌውን ደግፎ ወደ እናቱ ቤት ይዞት ይሄዳል። ይህን ለመረዳት ቋንቋ አያስፈልግም፤ ዐይን ያለው ሁሉ ይገባዋል። እኔ ምን አደረግሁ? መጥረጊያዬን ወረወርኩ። «ይህን ሁሉ የጠበቅሁት ለዚህ ነው?» ብዬ ተቆጣሁ። ልብስ እንዲያጥቡልኝ ብዬ ብቻ ዋሸሁ ብል ዛሬም መዋሸቴ ነው። ደም ፈልጌ ነበር። እኔ ራሴ ደም ፈልጌ ነበር።

ከሴቶቹ መካከል እትዬ ታንጉት የምትባል ባልቴት ነበረች። ማክሰኝት አጠገብ ሲኖሩ ባሏን አያ መኳንንት የሚባል ጎረቤት በወሰን ጠብ ሲገድልባት እርጉዝ ነበረች። የወለደችውን ወንድ ልጅ ደመላሽ አለችው። ባሏ የሞተበትን ጋቢ ከነደሙ ሣጥን ውስጥ አኑራ፣ ጎንደር መጥታ ልጁን አሳደገች። ፊልሙ ከመምጣቱ በፊት፣ ክረምት ሳይገባ፣ ሽማግሌና ካህን መሀል ገብተው አስታረቋቸው። አያ መኳንንት ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ሥር ወደቀ፤ እሷም «ምሬሃለሁ» አለች። የልጁንም ስም ሽማግሎቹ ለወጡና ማረው አሉት። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ጥምቀት ሲቃረብ እትዬ ታንጉት ያንን ጋቢ ይዛ ወንዝ ወረደች።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ?» አለች እየሳቀች። «ማረው የአባቱን ጋቢ ነጭ አድርጎ ይልበስ እንጂ።»

ከልቧ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እንዶዱን አረፋ አስይዛ የጋቢውን አንዱን ጫፍ ነከረች። «በይ አንቺ ዛሬ ጨርሺልን፤ ሸጋ አድርገሽ» አለችኝ።

ሸጋ አድርጌ ጨረስኩላት። የማወራው ሲያጥረኝ ዐይኔ እጇ ላይ ወደቀ፤ ጋቢዋን ሰረቅኋት። «የህንዷም እናት» አልኩ፣ «የባሏን ጋቢ ከነደሙ አስቀምጣ ነበር። እጠቢው ሲሏት፣ የባሌን ደም ለውሃ አልሰጥም አለች። አውጥታ የልጇ ትከሻ ላይ ጣለችው። ልጁም ሄዶ፣ ጩቤውን እዚህ ላይ» ብዬ ደረቴን መታሁ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

እትዬ ታንጉት እልል አላለችም። እጇ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ቆይታ ጋቢውን አወጣችና ጨመቀችው። ገና ደሙ ጋ አልደረሰችም ነበር፤ ጫፉ ነጽቷል፣ መሀሉ እንደነበረ ነው።

«ህንድ አገርም እንዲህ ነው?» አለችኝ።

«እንዲህ ነው» አልኳት።

ተነስታ ሄደች። ምን ልታደርግ እንደምትሄድ ገባኝ እኮ! አልገባኝም ነበር ማለት ብችል እንዴት በተገላገልኩ። «እትዬ፣ ቀልዴን ነው፣ ተመለሽ» ማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ያን ሁሉ ወር ስለፈልፍ የኖርኩ ሴት ያችን ታህል ቃል አጣሁ? አላጣሁም። ሴቶቹ እያሞገሱኝ ነበር፣ ልብሴም ገና አልደረቀም ነበር። አልጠራኋትም።

ጥምቀት ሳይደርስ ማክሰኝት ገበያ ላይ ሆነ። አያ መኳንንት ጤፉን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር አሉ። ልጁን ሲያይ ተነስቶ «ምነው ልጄ፣ ምን እግር ጣለህ?» ብሎ ሊስመው እጁን ዘረጋ። ከእርቁ ወዲህ ልጄ ነበር የሚለው። ልጁ ያንን ጋቢ ለብሶ ነበር። አያ መኳንንት ሚስት ነበረችው፣ ልጆች ነበሩት፣ ሬሳውን ተከትላ ፊቷን የነጨች እህት ነበረችው። ፊልሙ ውስጥ ያልነበሩት ሁሉ ማክሰኝት ላይ ነበሩ። ማረውን ያዙት፣ ተፈረደበት፣ ተሰቀለ።

ከልጇ ተስካር በኋላ እትዬ ታንጉት ሲኒማ ቤቱ በር ድረስ መጣች። ራሷን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ ቆመች። እኔ መጥረጊያ ይዤ ነበር።

«የህንዷ ልጅ» አለችኝ፣ «ከዚያ ወዲያስ ምን ሆነ? እሱንም ሰቀሉት?»

«ፊልሙ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው፣ እትዬ።»

«ምነው?» አለች። «ምነው እዚያ ላይ?»

ከንፈሬን መጠጥኩላት። ሰማህ? እንደ አላፊ አግዳሚው ከንፈሬን መጥጬ ሸኘኋት። ለሁለተኛ ጊዜ ዋሸኋት። አንዲት እናት በሩቅ አገር እንደ እሷ እንዳደረገች አምና ኖረች፣ ያንኑ አምና ሞተች። እኔ አለሁ። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ።

ፊልሙን አልወቅስም። እልል ያሉትን ሴቶች አልወቅስም። ድሃ ነበርኩ፣ ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ድሃም ወጣትም ሆኖ አፉን የሚሰበስብ ሞልቷል። አንተንም ይቅር በለኝ አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። የበደልኳት አትሰማኝም፣ ቢሆንም ለእሷ ልጨርስላት።

እትዬ ታንጉት፣ የህንዷ ልጅ ጩቤውን ወንዝ ውስጥ ጣለው። ሽማግሌውን ደግፎ ቤት አደረሰው፣ እናቱም በሩን ከፈተችላቸው። ጋቢ የሚባል ነገር አልነበረም። ጋቢው ያንቺ ነበር።