ያውዳል ያልኩት ጋን

በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ፍራግራንት» የሚለውን ቃል ጻፉና ትርጉሙን የሚያውቅ እንዳለ ጠየቁ። እኔ አንድ ጊዜ መዝገበ ቃላት ውስጥ አይቼው ነበር። ተሳስቼ እንዳልገኝ ፈርቼ ዝም አልኩ። መምህሩ ቀስ ብለው አስረዱን። ቃሉ የሚያገለግለው ለጥሩ ሽታ ብቻ ነው። ለአበባ፣ ለቅጠል፣ ለሳሙና፣ ለሻይ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ለአትክልት ቦታ አየር ይሆናል። ለመጥፎ ሽታ ከተጠቀማችሁበት ወይ ቀልድ ይመስላል ወይ ስድብ አሉን። ሁሉንም በደብተሬ ጻፍኩ፤ ቃሉን በቀይ፣ ማብራሪያውን በሰማያዊ።

ቀጥለው «በአማርኛስ ምን ትሉታላችሁ?» አሉ።

ከኋላ አንድ ልጅ «ሽቶ!» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። አንዷ «መዓዛማ» አለች። እኔ እጄን አወጣሁ።

«የሚያውድ» አልኩ።

መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ። «የየት አገር ልጅ ነሽ?»

«የስማዳ፣ መምህር። ቃሉ የእናቴ ነው።»

«እናትሽ ጥሩ አማርኛ አላቸው» አሉኝ። ያን ቀን ሙሉ ደስ እንዳለኝ ዋልኩ።

ለቤት ሥራ፣ ቃሉን ተጠቅመን ስለምናውቀው ቦታ አንድ አንቀጽ እንድንጽፍ ታዘዝን። እኔ ስለ እናቴ ቤት ጻፍኩ። ጋኖቿን በወይራ ስታጥን ግቢው እንደሚያውድ፣ ወደ ወገዳ ገበያ የሚሄደው ሰው አጥሩ ሥር ሲደርስ እርምጃውን ቀነስ እንደሚያደርግ አስረዳሁ። መምህሩ ከግርጌው «በጣም ጥሩ፤ ከልብ የተጻፈ» ብለው መለሱልኝ። ሰዋስዉ ልክ ነበር። ነገሩ ግን ቀድሞ ቀርቷል። እኔ ያንን ስጽፍ እናቴ የምንም ነገር ሽታ ካልደረሳት አራት ወር አልፏት ነበር።

እናቴ ወገዳ ዳር ላይ ጠላ እየጠመቀች ነው ያሳደገችኝ። የምትሠራው በአፍንጫዋ ነበር። አሻሮ ስትቆላ ብረት ምጣዱን አታየውም። ፊቷን ወደ በሩ መልሳ ከጎረቤት ጋር እያወራች፣ ወሬዋን በመሐል አቋርጣ «በቃው!» ትልና ታወርደዋለች። የገብሱ ቀለም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጥንስሱ መድረሱን የምታውቀው ክዳኑን በትንሹ ገለጥ አድርጋ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ጋኑ ነበር። በግራዋ ቅጠል ትፈትገዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ፀሐይ ላይ ታደርቀዋለች፤ ከዚያ የወይራ ፍልጥ አጭሳ አፉን ትደፋበታለች። ሲበቃው ታነሳውና ጭንቅላቷን እስከ ጆሮዋ አፉ ውስጥ ከትታ ትስባለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ፍርዱን እጠብቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ «ደህና ነው» ትላለች። አንዳንዴ ምንም ሳትል ወደ ግራዋው ትመለሳለች። «ያውዳል» ያለችባቸውን ቀናት ግን በጣቴ መቁጠር እችላለሁ።

ልጅ እያለሁ «ደህናውንና የሚያውደውን ምን ይለያቸዋል?» ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«ወይራማ ሁሉም ላይ ይሸታል» አለችኝ። «የሚያውደው ከወይራው ሥር ሌላ ነገር የሌለበት ነው።»

ባለፈው ክረምት፣ እኔ የፈተና ውጤቴን ስጠብቅ፣ ትኩሳትና ጉንፋን ጣላት። ሁለት ሳምንት ተኛች። የተነሳች ዕለት ለወጥ የላጠችውን ነጭ ሽንኩርት አፍንጫዋ ሥር ይዛ ቆየችና «ይሄ ነጭ ሽንኩርት ሞቷል» አለች። ተቀብዬ አሸተትኩት። ዓይን ያስለቅስ ነበር።

ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ነርሷ ልጅ እግር ናት፤ በአክብሮት አናገረቻት።

«እማማ፣ ጊዜ ይፈልጋል። ለአንዳንዱ ሰው ይመለሳል።»

«ለሌላውስ?»

«እንግዲህ እማማ...» አለችና ወረቀቱ ላይ አቀረቀረች።

ጸበል ሁለት ሱባዔ ገባች። ውጤቴ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ ስገባ አፍንጫዋ አልተመለሰም ነበር። ስልክ ስደውል፣ ኔትወርክ ሲኖር፣ «እንዴት ነው?» እላታለሁ፤ «ይመስገነው» ትለኛለች። ጠላው ከአንድም ሁለት ሦስቴ እንደተበላሸባት የሰማሁት ዘግይቼ ነው። አንዴ አሻሮው አሯል፤ አንዴ ጥንስሱ ሳይደርስ ደፍድፋዋለች። በገበያ ቀን ከአህያቸው ጭነት ሳያወርዱ ቀድመው የሚገቡት ደንበኞቿ ቅሬታ አላሰሙም። መምጣት ብቻ ተዉ።

ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ቤት ስገባ የሰንበቴ ተራዋ ደርሶ ነበር። ሰንበቴ ላይ ካህናቱም፣ ሽማግሌውም፣ ደንበኞቿ የነበሩት ሁሉ ይቀምሳሉ። ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ነገረችኝ።

«ይሄ ካማረልኝ ይመለሳሉ። ካላማረ ግን ነገሩ አለቀ፤ ጠላ ጠማቂ አይደለሁም ማለት ነው።»

«ያምርልሻል እማየ።»

«አንቺ አለሽልኝ። አፍንጫሽ የኔ ነው፤ የአባትሽን አይደለም ያወጣሽ።»

ትልቁ ጋን ለወራት ሳይሠራበት ጓዳ ቆይቷል። እናቴ ሦስት ጊዜ በግራዋ አጠበችው። እጆቿ እስከ ክርኗ አረንጓዴ ሆኑ፤ ጣቶቿ ተሰነጣጠቁ። ፀሐይ ላይ አሰጣችው፣ አጠነችው፣ ከዚያ አንስታ ወደ እኔ አዞረችው።

«በይ እስቲ።»

እሷ ስታደርግ እንዳየሁት ጭንቅላቴን አስገብቼ ሳብኩ። መጀመሪያ ወይራው መጣ፤ ደስ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ከሥሩ ሌላ ነገር መጣ። እርጥብ ሆኖ ሣጥን ውስጥ የከረመ ጨርቅ ይመስላል። ሻጋታ ነው። ትንሽ ነበር፤ ግን ነበር።

ጭንቅላቴን ሳወጣ እናቴ አፍ አፌን ታየኛለች። እጆቿን ከቀሚሷ ላይ አርቃ፣ እንዳይነኩ ወደ ላይ ይዛቸዋለች።

«ደህና ነው» አልኩ።

«ደህና ብቻ?»

«ያውዳል፣ እማየ።»

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ምናልባት ትጠረጥር ነበር። እኔ ግን ጨመርኩበት። «በእንግሊዝኛ ፍራግራንት ይባላል። መምህራችን ያንቺን ቃል ስነግራቸው አደነቁሽ እኮ።»

እናቴ ሳቀች። ከመጣሁ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። «እነሱም አገር ጋን ያጥናሉ?»

«ኧረ ለአበባ ነው የሚሉት።»

«ይሁን፤ ለኛም ይድረሰና!»

ለምን እንደዋሸሁ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ለክፋት አልነበረም። ትምህርት ቤት ከገባሁ ጀምሮ ጥያቄ ስጠየቅ የጠያቂውን ፊት አያለሁ፤ ፊቱ የሚፈልገውን እመልሳለሁ፤ እርማት ይደረግልኛል፤ ጎበዝ እባላለሁ። የእናቴ ፊት የሚፈልገው ግልጽ ነበር። በዚያ ላይ ለአራተኛ ጊዜ እጠቢ ብዬ እነዚያን ጣቶች ወደ ግራዋው ለመመለስ አቅም አጣሁ። እኔው ልጠበው ማለት ይቻል እንደነበር የገባኝ ከሳምንት በኋላ ነው።

ጌሾው ተጨመረ፣ ተጠነሰሰ። በየቀኑ «አሽትቺው» ትለኛለች፤ አሸተዋለሁ። የሻጋታው ሽታ በየቀኑ እየጎላ ሄደ። በየቀኑ «ደህና ነው» አልኩ። አሁን እውነቱን ብናገር የመጀመሪያው ውሸቴም ሊወጣ ነው፤ ገብሱም ብቅሉም ገብቷል፤ ሌላ ለመጥመቅ ቀኑ አይደርስም። መፍላቱ ያጠፋው ይሆናል ብዬም ተስፋ አደረግሁ። አልጠፋም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ሰዉ ተደርድሮ ተቀመጠ። አባ ዳቦውንና ጠላውን ባረኩ። እናቴ ያጠበችውን ነጠላ አደግድጋ በእጇ ቀዳች። እኔ ዳቦ አዞርኩ። ሰዎቹ አንድ አንድ ጊዜ ጎነጩ። ከዚያ ኩባያዎቹ አንድ በአንድ እግር ሥር ተቀመጡ፤ ማንም ማንንም አላየም።

አንድ ሽማግሌ ከንፈራቸውን በመዳፋቸው ጠርገው ወደ ጎናቸው አጎነበሱ። «የዛሬውስ ጠላ በዕድሜ እኔን ይበልጠኛል» አሉ።

«ዝም በል አንተ፣ ሴትዮዋ ትሰማሃለች» አሏቸው ጓደኛቸው።

«እኔ ምን አልኩ? ታላቄ ነው፣ ልነሳለት ነው ያልኩት!»

አባ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና «የመጣው ሁሉ በረከት ነው» አሉ። ዳቦው አለቀ። በሩ ላይ ለነዳያን የተቀዳው ጠላ እንኳ ተረፈ።

እናቴ «ድገሙ እንጂ! ምነው?» እያለች ትዞራለች።

«ይበቃናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።»

ራሷ አንድ ኩባያ ጠጥታለች፤ ለእሷ ግን የሞቀ ውኃ በለው ጠላ አንድ ነው። አጠገቤ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ወደዱት መሰለኝ፤ ማንም ምንም አላለም» አለችኝ። ዳቦ ያለቀበትን ሰፌድ ይዤ ቆምኩ።

ያወቀችው ስንመለስ ነው። እንስራውን ጀርባዋ ላይ ሲያሳዝሏት ጠላው ስላላለቀ ገና ከባድ ነበር። ባዶውን ይዛ ልትመለስ ነበር ያሰበችው። ቤት ገብታ እንስራውን እንዳወረደች የአጥር ጎረቤታችን ተከትላ ገባች። እሷ በልቧ የምትይዘው ነገር የላትም።

«አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ? ሻግቷል እኮ! ጠላው ጋን ጋን ይላል። ሌላው አፍሮ ቢተውሽ እኔ እንኳ ልንገርሽ እንጂ።»

«ልጄ አሽትታዋለች» አለች እናቴ።

«ታዲያ ልጅሽንም ጉንፋን ይዟታላ!»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አውቀሽ ነበር?»

«እማየ...»

«አውቀሽ ነበር ወይ?»

«አዎ።»

«ከመጀመሪያው? ጋኑን ስታሸቺ?»

«ከመጀመሪያው።»

ጎረቤታችን ቀስ ብላ ወጣች። እናቴ ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። መደቡ ላይ ተቀመጠችና የተሰነጣጠቁ ጣቶቿን ታይ ጀመር።

«እኔ እኮ የጠየቅሁሽ ደስ እንዲለኝ አልነበረም» አለችኝ።

ይቅርታ ጠየቅኋት። «ይቅር ይበልሽ፣ ይቅር ብያለሁ» አለችኝ፤ እውነቷን ነበር። ይቅርታዋ ግን የጠፋውን አልመለሰውም። በማግሥቱ ጠላውን ከግቢው ጫፍ ደፋችው። ጋኖቹን ከግድግዳው ሥር ደፍታ ደረደረቻቸው። ለመሞከር እንኳ አላሰበችም። አሁን ለአንድ የከተማ ነጋዴ ምስር ትለቅማለች፤ ድንጋዩን ከምስሩ የሚለየው ዓይን ነው። ጎንበስ ብላ ስትለቅም ከቤቱ ምንም ወሬ አይሰማም። በሩን ገፍቶ የሚገባ የለም።

በቀሩኝ ቀናት እውነት ብቻ ለመናገር ወሰንኩ። «እማየ፣ ወጡ እየያዘ ነው» እላታለሁ። «እሺ» ትለኛለች፤ ድስቱን አታወርደውም፤ ተነስታ ክዳኑን ከፍታ በዓይኗ ታየዋለች። «አሁን ደህና ነው» እላታለሁ። «እሺ» ትለኛለች፤ እንደገና ተነስታ ታየዋለች። አዎ ማለቴም አይደለም ማለቴም አንድ ሆኑባት። ይህን ያደረገችው ልትቀጣኝ አይመስለኝም። ሌላ ምን ማድረግ ትችል ነበር?

ወደ ትምህርቴ ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ እሑድ ጠዋት፣ ለቤተ ክርስቲያን ትለብስ ነበር። ቀሚሷን ካጠለቀች በኋላ ክንዷን አንስታ ብብቷን ለማሽተት አጎነበሰች፤ ወዲያው አስታውሳ ቀና አለች። ከታመመች ወዲህ ትልቁ ፍርሃቷ ይህ ነው። ሰው አጠገቧ ቆሞ ቢጸየፋት አታውቅም። እኔ ከእሷ ሁለት እርምጃ ርቄ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ብትጠይቀኝ እውነቱን ልነግራት ተዘጋጅቼ ቀና ብዬ አየኋት።

አየችኝ። ከዚያ በባዶ እግሯ ወጥታ ግቢውን አቋርጣ አጥሩ ጋ ሄደች።

«አንቺ፣ አለሽ? እስቲ ወዲህ ቅረቢ። እሸታለሁ?»

ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ አንገቷ ሥር አሸተተቻት።

«ላብ ላብ ትያለሽ። ቀሚሱን ለውጪው።»

«እሺ» አለች እናቴ።

ተመልሳ ገባችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ቀሚሱን ማውለቅ ጀመረች። ሌላውን ቀሚስ ከሣጥኑ አውጥቼ ልሰጣት ተነሳሁ። «ተቀመጭ፤ እኔው አወጣዋለሁ» አለችኝ። አወጣችና ነጠላዋን ደርባ፣ ጎረቤታችን እንድታሸተው ይዛው ወደ አጥሩ ተመልሳ ወጣች።