ከወረቀቱ የወጣው ቤት

እዚህ ሚኒሶታ፣ አፕል ቫሊ ከተማ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አንድ ህንዳዊ ሽማግሌ አሉ። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን አስንፎታል፤ አንደበታቸውን ግን አልነካውም። ቁርሳቸውን እያበላኋቸው ስለተወለዱባት መንደር ያወራሉ። የልጅ ልጆቻቸው መስማት ሰልችቷቸዋል። እኔ በሰዓት ስለሚከፈለኝ አልሰለችም።

ባለፈው ሳምንት፣ “ሳልረሳው ጻፊልኝ፣ የማን ቤት የት እንደነበረ” አሉኝ። የአንድ ደብዳቤ ጀርባ ላይ እየነገሩኝ ሣልኩ። መሃል ላይ ቤተ መቅደሱና የካህናቱ ቤቶች፣ ቀጥሎ ባለመሬቶቹ፣ ከዚያ ወርቅ ሠሪው፣ አናጢው፣ ጸጉር ቆራጩ፣ በኩሬው በኩል ሸክላ ሠሪዎቹ። የእያንዳንዱን አባወራ ስም፣ የልጆቹን ስም ሳይቀር ያውቁታል። ማን ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚቀዳም ነገሩኝ።

“የእኛም አገር እንዲሁ ነው፤ ሁሉም ቦታውን ያውቃል” አልኳቸው። እየሳቅኩ ነበር ያልኩት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

“የእርስዎ ቤትስ የቱ ጋ ነው?” ብዬ ጠየቅኳቸው።

እርሳሱን በግራ እጃቸው ተቀበሉኝና ከወረቀቱ ጠርዝ አሻግረው የጠረጴዛው ልብስ ላይ አንዲት ነጥብ አደረጉ።

“እኛ ቆዳ ፋቂዎች ነን። ጉድጓዱን መንካት አይፈቀድልንም ነበር። እናቴ እንስራዋን ይዛ ዳር ትቆማለች። የራራላት ሰው ከመጣ ከላይ ያፈስላታል፤ ካልመጣ ባዶውን ይዛ ትመለሳለች።”

ዓይኔ በኩሬው በኩል ወደ ሣልኳቸው ሸክላ ሠሪዎች ቤት ሄደ።

ከአራት ዓመት በፊት ልጄ አንዲት ልጅ ይዞ ቤቴ መጣ። ነርስ ናት። ሳልጠይቃት ተነስታ ዕቃ አጠበች፤ ስትስቅ ጥርሷ ያምራል። ወደድኳት፣ እውነቴን ነው። በማግስቱ ግን አገር ቤት ላለችው ታናሽ እህቴ ደወልኩና “ዘሯን አስጠይቂልኝ” አልኳት። ሚኒሶታ ሃያ ዓመት ኖሬ! በሳምንቱ መልሳ ደወለች። “እትዬ፣ በአያቷ በኩል ሸክላ ሠሪዎች ናቸው፤ ኋላ እንዳትጸጸቺ” አለችኝ።

ልጄን አስቀምጬ “እሷን ካገባህ እናት የለኝም በል” አልኩት። ሲናደድ በእንግሊዝኛ ነው የሚመልስልኝ። ያን ቀን ግን በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እንግዲህ ደህና ሁኚ፣ እማዬ” ብሎኝ ወጣ። ይመለሳል ብዬ እራቱን ከድኜ ጠበቅሁት። አልተመለሰም። አገባት። ሴት ልጅ ወልደው ሻኮፒ እንደሚኖሩ የሰማሁት ከሰው ነው፤ ከእኔ ቤት በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ማንን እየሰደብኩ እንደሆነ እያወቅሁ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል፣ ወይም ሌላ ሰው ላኩልኝ ብለው ለቀጠረኝ ቢሮ ይደውላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ሰሙኝና እርሳሱን መልሰው ሰጡኝ።

“የልጅ ልጅሽንም ጻፊያት” አሉኝ። “ስሟ ማን ነው?”

እርሳሱን ከነጥባቸው አጠገብ አሳረፍኩት።

“አላውቅም” አልኳቸው።