የረገጥናቸው ሃይላንዶች

ቆሻሻ ሰብሳቢ መሆኔን የሰሙ ዘመዶቼ መጀመሪያ አዘኑልኝ፤ ቀጥለው ሰርግ መጥራት ተዉ። ይተዉት። የሰርጋቸውን ቆሻሻ ማን እንደሚያነሳላቸው ግን አልጠየቁም። እኔ ከዚያ በፊት በየሰው ቤት ልብስ አጥብ ነበር፤ ሳሙና የላጠው እጄ ጆንያ ሲይዝ እንደ ዕረፍት ነው የቆጠርሁት።

ከጎንደር አራዳ ዝቅ ብለው ባሉት ሰፈሮች በየቤቱ እየዞርን ቆሻሻ የምንወስድ ጥቂት ሴቶች ነበርን። ማኅበር አቋቋምን። አንድ ጋሪ፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት በውሰት ያገኘነው አንድ የቆርቆሮ መጋዘንም ነበረን። ቁም ነገሩ መጋዘኑ ነው። ቆሻሻ ተሸክሞ ገንዳ ውስጥ መጣል ማንም ይችላል፤ ለይቶ ለማከማቸት፣ አከማችቶም ለመሸጥ ግን ጣሪያ ያስፈልጋል። መጋዘኑ ካለ ማኅበሩ አለ። ከሌለ ተሸካሚዎች ብቻ ነን፤ የተሸካሚ እንጀራ ደግሞ ሁላችንንም አያበላም።

በየደጁ ቆሞ ማስተማር የእኔ ድርሻ ሆነ፤ ምላስሽ አይደክምም ተብዬ። ለየቤቱ ሁለት ሁለት ጆንያ ሰጠን፤ አንዱ ለሚበሰብሰው፣ ሌላው ለማይበሰብሰው። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ነው ነገሩ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ ስቀው ሲያበቁ የድንች ልጣጩን በፌስታል ቋጥረው ይሰጡኛል። አንዳንዷም ፍሙ ያልጠፋ አመድ ጆንያው ውስጥ ትገለብጣለች። ጋሪው መንገድ ላይ ሲጨስ መንገደኛው «አንቺ፣ ወጥሽ አረረ» እያለ ያልፋል። እንዲህም ሆኖ፣ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሰፈሩ ለመደ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ አልክድም።

የሚበሰብሰውን ከመጋዘኑ ጀርባ ቆልለን ብስባሽ አደረግነው። አንድ የድብ ባሕር ገበሬ መጥቶ በእጁ ዘገነ፣ አሸተተ፣ «ሸጋ አፈር ነው» አለ። ከዚያ ከመዳፉ ላይ የብርጭቆ ስባሪ አነሳና «ይኸ የበሬዬን እግር ይበሳብኛል» ብሎን ሄደ። እውነቱን ነው። ስባሪውን ማን እንደጨመረው አይታወቅም፤ ብስባሹንም ከዚያ ወዲህ የጠየቀ የለም። ተስፋችን ሁሉ ሃይላንዱ ላይ ወደቀ።

የሃይላንድ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ክዳኑ ይፈታል፤ ክዳን ከክዳን ጋር ነው የሚቀመጠው። የተለጠፈበት ወረቀት ይላጣል። ከዚያ ጠርሙሱ ተጋድሞ እንደ ቂጣ እስኪጠፈጠፍ በተረከዝ ይረገጣል። አዲስ አበባ ላለ ፋብሪካ የሚያቀርበው ነጋዴ በስልክ «እኔ አየር አልጭንም» ብሎናል። እዚያ ይፈጫል፣ ይቀልጣል፣ ተመልሶ ጆግና ባልዲ ይሆናል አሉን። ለአንድ ማኪና የሚበቃ ሲሞላ እየላከ ይወስድልን ነበር፤ እኛም ስንረግጥ እንውላለን።

በረገጣ ከእኛ ሁሉ የሚበልጡት ከአይከል የመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እትዬ ነው የምንላቸው። አንድ ዓይነት ጠርሙስ ግን አይረግጡም፤ ጠበል የነበረበትን። ባለቤቶቹ ሲያስረክቡን «ጠበል የነበረበት ነው፣ እግር እንዳይነካው» ይላሉ። እትዬ ከነክዳኑ በንጹሕ ጆንያ ያስቀምጡታል፤ ጠበል የሚሄድ ሰው ሲገኝም ይሰጡታል።

«ምነው እትዬ፣ ይኸስ ያው ፕላስቲክ አይደል?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ሰውስ ያው ሥጋ አይደል? አይረገጥም እንጅ» አሉኝ።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ለምን ተዘጋ የሚለውን እዚህ አላነሳም፤ ጎንደር የኖረ ያውቀዋል። ነጋዴው መጀመሪያ «በዚህ ሳምንት» ይል ነበር፤ ቀጥሎ «ሲከፈት» አለ፤ በመጨረሻ ስልክ ማንሳቱን ተወው። እኛ መርገጣችንን አልተውንም፤ ሌላ የምናውቀው ነገር አልነበረም። ክምሩ ጣሪያውን ነካ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው፤ የእኛዋ ላም መጋዘን ውስጥ ከመሆኗ በስተቀር። ጠበልተኛውም በመንገዱ ምክንያት ስለቀነሰ የእትዬ ጆንያ በዛ። ከጽሕፈት ቤት አንድ ሰው መጥቶ ክምሩን አየና፣ ጎረቤቱ በአይጥ ተማርሯል፣ ክረምት ሳይገባ ካላነሳችሁ መጋዘኑን ለሌላ እንሰጠዋለን አለን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንደ እኛው የደከመው ሰው ነበር።

መጋዘኑን የሚያድን ነገር አንድ ጊዜ ደጃችን ድረስ መጥቷል። ነዳጅ ጠፍቶ ቤንዚን በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ የሚቸረቸርበት ጊዜ ነበር። አንድ ቸርቻሪ ክዳን ያለው ደህና ሃይላንድ ፈልጎ መጣ። ክምራችንን ሲያይ ዓይኑ በራ። አንዱን አንስቶ አፉ ላይ አድርጎ ነፋው። ጠርሙሱ ተንጣጣ፣ እስከ ግማሽ ተነፋ፣ ከዚያ በተሰነጠቀው በኩል አየሩ ወጣ።

«ምነው ሁሉንም ጨፈለቃችሁት?» አለ።

ሥራችን ነው ብለን ስንደክምበት የኖርነው እሱኑ ነው።

ሊወጣ ሲል የእትዬን ጆንያዎች አየ። እነዚህን ዛሬውኑ ከሰጣችሁኝ፣ ከእኔ ቤንዚን የሚወስድ ባለ አይሱዙ አለ፤ በወታደር እጀባ ሲወጣ ጭነታችሁን ባሕር ዳር ያደርስላችኋል አለን። ከባሕር ዳር ወዲያ ያለውን ነጋዴው ይችለዋል። ሁላችንም ዞረን እትዬን አየን። እሳቸው ሄደው ጆንያዎቹ ፊት ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ጠበሉ እኮ ተጠጥቶ አልቋል። ይኸ ባዶ ዕቃ ነው» አልኋቸው። «መጋዘኑ ከሄደ አንቱስ የት ይገባሉ?»

«የሰው አደራ ነው። እግር አይንካው ብለው ሰጡኝ እንጅ ቤንዚን ይቀዳበት አላሉኝም።»

ብድግ አድርገን ልናስነሳቸው እንችል ነበር፤ አሮጊት ናቸው፣ ክብደትም የላቸውም። እኔ ቤተ ክርስቲያን የምስመው ለዓመት በዓል ነው፤ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። የሌሎቹም እንዲሁ። ቸርቻሪው ስቆ ሄደ። ምናልባት ባለ አይሱዙ የሚባል ሰውም አልነበረውም ይሆናል። በእትዬ ላይ ያደረብኝ ንዴት ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፤ ትክክል እንደነበሩ ማመኔም አላበረደልኝ።

የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ሰሞን የቆሻሻ ማኪና ተላከ። ክምሩን ራሳችን ጫንነው። ከከተማው ውጭ ያለው መጣያ ደርሶ ማኪናው ጀርባውን ሲያነሳ፣ ክዳኑ ከጠርሙሱ፣ ጠርሙሱ ከብስባሹ፣ ሁሉም ከአገሩ ቆሻሻ ጋር ተደባለቀ። ያለቀሰ የለም። እኔ እንዲያውም ሳቅሁ፤ ሳቄ ራሴን አስፈራኝ። እትዬ ጆንያዎቻቸውን እያመላለሱ ቤተ ክርስቲያን አደረሱ። ወደ አይከል እንዳይመለሱ መንገዱ ዝግ ነው፤ እዚህ እንዳይቀመጡ የቤት ኪራይ የሚከፍሉበት የለም። አሁን እዚያው ደጀ ሰላም ከነዳያኑ ጋር ተቀምጠው አያቸዋለሁ። ሰላም ስላቸው ቀና አይሉም።

መጋዘኑ ውስጥ ሌላ ሰው ገባበት። ማኅበሩ ፈረሰ። ጋሪው ለእኔና ለአንዲት ጓደኛዬ ቀረ፤ ከየቤቱ እየወሰድን ገንዳ ውስጥ እንጥላለን፤ ከሰዓት ደግሞ ልብስ አጥባለሁ። ለሰፈሩ ግን ምንም አልነገርንም። ምን ብለን? በየደጃቸው ቆሜ ስለፈልፍ የኖርሁት እኔው ነኝ።

በቀደም አንዲት እናት ሁለቱን ጆንያ ይዛ ከበር ወጣች። በእሷ ሰፈር ቧንቧው ውሃ ካየ ሰንብቷል፤ በጀሪካን እየገዙ ነው የሚኖሩት። ጆንያው ውስጥ ያሉት ሃይላንዶች ግን ያብረቀርቃሉ።

«አጥቤልሻለሁ» አለችኝ። «ፊታችንን ታጥበን በተረፈችው ውሃ።»

«ሸጋ አድርገሻል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አልኋት። ጆንያዎቹን ተቀብዬ ጋሪው ላይ ጫንሁ። መታጠፊያውን አልፌ ሁለቱንም ጆንያ ገንዳው ውስጥ ገለበጥሁ፤ መጀመሪያ ልጣጩን፣ በላዩ ላይ ሃይላንዱን። ከዚያ ባዶዎቹን አራግፌ፣ አጥፌ መለስሁላት፤ ለሚቀጥለው ሳምንት እንድትለይባቸው።