የነጭ ጋቢ ጥላ

ዲጂታል ስዕል መለማመድ የጀመርኩት አምና ነው። ከጓደኛዬ ያገለገለ የስዕል ታብሌት ገዝቼ ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኘሁት። እጄ ታብሌቱ ላይ፣ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር እንኳን አቃተኝ።

እጄ ትንሽ ሲለምድ፣ ወንበር ላይ የተጣለ ነጭ ጋቢ ልስል ተነሳሁ። አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ስለሆነ ጋቢ ከቤታችን አይጠፋም። ጨርቁን ነጭ ቀብቼ የእጥፋቶቹን ጥላ በጥቁር ሠራሁ። ሦስት ቀን ለፋሁበት። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ አየና፣

«ይሄ ጋቢ ታጥቦ ያውቃል?» አለኝ።

ተናደድኩ። «ጥላው ነው እኮ፣ አባዬ!»

«ጥላ እንደዚህ አያቆሽሽም» አለና ጋቢውን አንስቶ መስኮቱ አጠገብ ሰቀለው። «እስቲ መጀመሪያ በደንብ እይው።»

አየሁት። ወደ ሰማዩ የዞረው እጥፋት ሰማያዊ ሰማያዊ ይላል፤ በጭቃው ግድግዳ በኩል ያለው ደግሞ ወደ ቢጫ ያደላል። ጥቁር የሚባል ነገር የትም የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለብሰው አንድም ቀን ልብ አላልኩትም።

ጥቁሩን አጥፍቼ እንደገና ቀባሁና አባቴ ከሥራ ሲመለስ አሳየሁት። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ የጋቢውን ጥለት በጣቱ አመለከተ።

«ይሄን አረንጓዴ ማድረግ ትችያለሽ?»

ወዲያው ቀየርኩት። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እራት እስኪቀርብ የጥለት ቀለም ስንቀያይር ቆየን። በሳምንቱ ከመረጥናቸው ጥለቶች አንዱን ሸመነው።