የሸኚዎቻችን ውሃ

ባሌንና ልጆቼን ይዤ፣ መኝታ ያለውን ተጎታች በቤት መኪናችን እየጎተትኩ ከሚኒሶታዋ ሴንት ፖል ለረጅም ጉዞ ወጣሁ። ሪችፊልድ የምትባለው ከተማ ጋ ፍጥነት ስጨምር ተጎታቹ ይወዛወዝ፣ መኪናዋንም ግራና ቀኝ ያላጋት ጀመር።

"ፍሬን ያዢ" አለ ባሌ።

"ዝም በል" አልኩት። ፍሬን ብይዝ ተጎታቹ ዞሮ እንደሚገለብጠን አውቃለሁ። እግሬን ከነዳጅ መስጫው አንስቼ፣ መሪውን ጨምድጄ ጠበቅሁ። ሲረጋልኝ ዳር ይዤ ቆምኩ።

የተጎታቹን የኋላ በር ብከፍተው የታሸገ ውሃ እስከ ወገቤ ተደርድሯል። ጠዋት ሊሸኙን የመጡት የቤተክርስቲያን ሰዎች ሳይነግሩን የጫኑት ነው። ክብደቱ ሁሉ ጭራው ላይ አርፎ ነው ያወዛወዘን።

ስልኬ ጠራ፤ ከሸኚዎቹ አንዷ ናት። "ለመንገድ ውሃ ከኋላ አድርገንላችኋል፤ አያችሁት?"

"አየነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን" አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ውሃውን አንድ በአንድ ከጭራው ወደ ፊት ማሸጋገር ጀመርኩ።