በአምፖል የበራ ሰማይ

ሰማይን በቲኬት የሚሸጥ አዳራሽ ነው፤ መብራቱ ሲጠፋ ጣሪያው ላይ የአምፖል ከዋክብት ይበራሉ። አስጎብኚው ሽማግሌ ከደማቆቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው በደቡብ በኩል ያለውን «ሰዓት» የተባለ ደብዛዛ ኅብረ ከዋክብት ነው። እዚያ ውስጥ እልፍ አእላፍ ከዋክብት እንደ ንብ መንጋ ተጠቅልለው ኳስ የሠሩበት ክምር አለ።

ዓይኑ ከደከመ ወዲህ የሚያሳየው በልምድ ነው። ይህን የምታውቀው በር ላይ ቲኬት የምትቆርጠው ሴት ልጁ ብቻ ናት፤ ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳልና ጭጭ ብላለች።

ሥራ አስኪያጁ ግን ጠረጠረ። ቀና ብሎ ሰማይ አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ለተንኮል ሲሆን መሰላል ወጣ፤ የዚያን ክምር አምፖል ፈትቶ ኪሱ ከተተና ከተመልካቹ መሀል ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ያቺ ክምርዎ የት አለች?»

ሽማግሌው በመጠቆሚያ መብራቱ የብርሃን ቀስት ጨለማውን ወጋ። «ይቻትና! ዛሬማ ደምቃለች።»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች።

«አያችኋት?» አለ ሥራ አስኪያጁ ወደ ሰዉ ዞሮ።

«አየናት!» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ። ከፍሎ የገባ ሰው አላየሁም አይልማ! አጨበጨቡም።

ዓይን እያላቸው የዋሹት በሰላም ወደየቤታቸው ገቡ። ዓይን አጥቶ ለዋሸው ግን ሥራ አስኪያጁ አምፖሉን መዳፉ ላይ አኖረለት፤ ስንብት ማለት ነው።

ልጁ ክንዱን ይዛ ስታስወጣው፣ «እውነቱን ንገሪኝ፤ ከመቼ ጀምሮ ነው የጠፋችው?» አላት።

«ዛሬ ብቻ ነው፣ አባዬ።»

«ለእኔስ ካቻምና ነው» አለና ደረጃውን በእግሩ መዳበስ ጀመረ።